ሶላሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይጠፋብኛል፤ ባትሪ ልቀይር ወይስ ፓነሉን ልጠብ?

የሐያት እናት (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ከረማችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ዳር፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የመብራት ፖል እኛ ሰፈር ስላልደረሰ ከሦስት ዓመት በፊት ሶላር አስገጠምን። ሁለት ባለ 150 ዋት ፓነል፣ አንድ ባለ 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ (ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት)፣ ቻርጅ ኮንትሮለር (ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) እና ትንሽ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚለውጠው) ነው። አምስት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጅ ችሎ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይሄድ ነበር።

ከጥቅምት ወዲህ ግን እየደከመ መጣ። አሁን 2 ሰዓት ሲሆን ኢንቨርተሩ ይጮሃል፣ ከዚያ ድርግም። ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት፣ ፈተና አለባት። በስልክ መብራት ተጎንብሳ ስታጠና ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች። ዕቃውን የሸጠልን ሰው «ባትሪሽ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። የባትሪ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እኔ ግን መጀመሪያ ፓነሉን ላሳጥበው ብዬ አሰብኩ። ከተገጠመ ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ ዝናብ ያጥበዋል ተብለን ነበር። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በጣት ይጻፍበታል። ለመሆኑ አቧራ ይሄን ያህል ኃይል ይቀንሳል? በምን ይታጠባል? ኦሞ ይሆናል? ውሃችን የጉድጓድ ነው፤ እሱስ ችግር አለው?

ቴስተር (ኮምቦልቻ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)፦

እህቴ አብሽሪ። ባትሪውን ለአሁኑ አትግዢ። መጀመሪያ ሁለት ነገር እዪልኝ።

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ኮንትሮለሩ ስክሪን ላይ ስንት አምፔር እየገባ እንደሆነ አንብቢ። ሁለት ባለ 150 ፓነል በ12 ቮልት ሲስተም፣ በጥሩ ፀሐይ 14 ወይም 15 አምፔር ቢሰጥ ነው ደህና የሚባለው። ባትሪው ከሞላ ኮንትሮለሩ ራሱ አምፔሩን ስለሚያወርደው ያን ጊዜ ቁጥሩ ያሳስታል። አንቺ ጋ ግን የሚሞላ አይመስለኝም።

ሁለተኛው፣ ጣሪያው ላይ ሰው ሲወጣ የፓነሉን የታችኛውን ጠርዝ በቅርብ ፎቶ ያንሳው። የመስታወቱን መሃል አይደለም የምልሽ። መስታወቱ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ነው።

የሐያት እናት፦

አነበብኩት። ልክ በ6 ሰዓት 6.2 ነው የሚለው። ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል።

የእህቴ ልጅ ወጥቶ ፎቶውን አነሳ። ታች ጠርዙ ላይ አቧራው ጭቃ ሆኖ ተጋግሯል፤ ስፋቱ ሦስት ጣት ይሆናል። ክረምት የበቀለች ሣር እዚያው ደርቃ ቆማለች። ፓነሎቹ ቁመታቸው ወደ ላይ ሆኖ ነው የተገጠሙት፤ ቆርቆሮው ላይ ልጥፍ ብለዋል፣ ጣሪያው ደግሞ ብዙም ተዳፋት የለውም።

ቴስተር፦

የጠረጠርኩት ይሄንኑ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ያንቺ ፓነል ውስጥ 36 ሴሎች፣ ማለትም ፀሐይን ወደ ኃይል የሚለውጡ ቁራጮች፣ አሉ። ሁሉም እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው። ኃይሉ በአንዱ አልፎ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንዱ ሴል ሲጋረድ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹንም መንገድ ያጠባል። የአንድ ሴል ቁመት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ጣት ጭቃ የታችኛውን ረድፍ ሲሶ ያህል ሸፈነው ማለት ነው። የቀረው መስታወት ንጹህ ቢሆን እንኳ የፓነሉ ኃይል በዚያው መጠን ይወርዳል። አንቺ ጋ በላዩ ላይ የመሃሉ አቧራ ተጨመረበት። 15 የነበረው 6 ቢሆን አይገርምም።

የወፍ ኩስም እንደዚሁ ነው። ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። የተጋረደው ሴል ኃይል ከማመንጨት ይልቅ ራሱ ይግላል፤ ሲቆይ መቃጠል ሁሉ አለ።

ዝናብ ያጥበዋል የተባልሽው ግማሽ እውነት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ የመሃሉን ያጥባል፤ የታጠበው ጭቃ ግን ወርዶ ፍሬሙ ላይ ይቆማል። ፓነሉ ጠፍጣፋ ከተኛ መውጫ የለውም። የበልግ ካፊያ ደግሞ ይብሳል፤ አቧራውን አርሶት ብቻ ይሄዳል።

አሁን አሳጥቢውና ውጤቱን ንገሪኝ። አጣጠቡን ሌሎቹ ይንገሩሽ፤ እኔ አንዲት ነገር ልጨምር። የፓነሉ መስመር ላይ ማጥፊያ ካለ ከማጠብ በፊት አጥፉት። ከኮንትሮለሩ ሽቦ መንቀል ካስፈለገ መጀመሪያ የፓነሉን፣ ቀጥሎ የባትሪውን። ስትመልሱ ግን ባትሪው ይቅደም፣ ፓነሉ ይከተል። ይሄን ገልብጠው ኮንትሮለር ያቃጠሉ ሰዎች ቤት ስንት ጊዜ ተጠርቻለሁ።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

እቴ፣ ኦሞውን ተዪው። እኔ የመጀመሪያ ዓመት በኦሞ አጥቤ መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ቀረና በሳምንቱ አቧራው ከበፊቱ ብሶ ተጣበቀበት። ንጹህ ውሃ ይበቃል። ኩሱ እምቢ ካለ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ባልዲ ውሃ ውስጥ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ።

የድስት ማጠቢያ ሽቦ በፍጹም እንዳይነካው። ለስላሳ ስፖንጅ ወይም የመኪና ማጠቢያ ብሩሽ ነው የሚያስፈልገው። ደረቁን አቧራ በጨርቅ መፈግፈግም አይገባም። አቧራ ማለት ደቃቅ አሸዋ ነው፤ መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት፣ አሥር ደቂቃ ይራስ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች አብሱት። ለዚያ ለተጋገረው ጠርዝ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የመሰለ የለም። ረጋ ብሎ ጥጉን ተከትሎ መፈቅፈቅ ነው።

ሰዓቱ ዋና ነገር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ፀሐይ ሳያገኘው። ፓነል እኩለ ቀን ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኛ ደሴ ብርድ ስለሆነ ብዙም አንቸገርም፣ እናንተ ቆላው ላይ ግን ተጠንቀቁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

የውሃውን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። የጉድጓድ ውሃ ኖራ የሚበዛበት ከሆነ (ማንቆርቆሪያሽ ውስጡ ነጭ ይሠራል?) ፓነሉ ላይ እንዲደርቅ አትተዪው። ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ሲደጋገም እንደ ቀለም ይሆናል። ያለቀለቁትን ወዲያው የመኪና መስታወት በሚጠረግበት ላስቲክ ማውረድ ነው። ነጭ ከሠራ በኋላ ደግሞ አቼቶ በውሃ አቅጥኖ በስፖንጅ ማበስ፣ ከዚያ ቶሎ ማለቅለቅ። አቼቶው ፍሬሙ ላይ አይቆይ።

ከሁሉም የሚሻለው የዝናብ ውሃ ነው። አሸንዳ ካላችሁ ክረምት ላይ ሁለት ጀሪካን ሞልታችሁ ለዚሁ አስቀምጡ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ፓነል ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ልጁ ሲወጣ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ምስማር በተመታበት መስመር ይርገጥ፣ ከሥሩ ማገር አለ። ፓነሉን እንዳይረግጠው፣ እንዳይንበረከክበትም። ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ ያለው ሴል ይሰነጠቃል። እርጥብ ቆርቆሮ ሙልጭልጭ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ወድቆ እጁ ተሰብሯል። የሚቻል ከሆነ መሰላል ላይ ቆሞ ብሩሹን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ማሰር ይሻላል።

አትክልተኛው (ሐርቡ)፦

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሽንኩርት የማጠጣው በሶላር ፓምፕ ነው፤ ፓነል ሲቆሽሽ ውሃው ቱቦው ላይ ሲቀጥን በዓይኔ አየዋለሁ። ስለዚህ በየሳምንቱ ነው የማጸዳው።

ውሃ ላጠራችሁ ጤዛን ተጠቀሙ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጎህ ሲቀድ ፓነሉ በጤዛ ይረጥባል። ያኔ በለስላሳ እርጥብ መወልወያ አንድ ጊዜ ወደ ታች መጥረግ ነው። ጠብታ ውሃ አላወጣሁም። ካልጠረጋችሁት ግን ያው ጤዛ ጠላት ነው፤ አቧራውን ያቦካዋል፣ ፀሐይ ትጋግረዋለች፣ በማግስቱ ሌላ ይደረብበታል። ያንቺ ፓነል ላይ የተጋገረው እንደዚያ ነው የመጣው።

ጦሳ ግርጌ፦

ወንድሜ፣ በየሳምንቱ ለቤት አይበዛም? በየጊዜው ጣሪያ መውጣት ራሱ አደጋ ነው። እኔ በበጋ በወር አንዴ፣ ክረምት ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ጠርዙን ብቻ ነው የማየው።

አትክልተኛው፦

የኔ መሬት ላይ ነው የተተከለው፣ ጣሪያ መውጣት የለብኝም። ለእሷ ግን ወር ይረዝማል። የምትኖረው የጅቡቲ ጭነት የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው።

ቴስተር፦

ቀን ከመቁጠር አምፔር መቁጠር ይሻላል። ከታጠበ በኋላ በ6 ሰዓት ያየሽውን ትልቁን ቁጥር ከኮንትሮለሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጻፊው። በጠራ ቀን ባትሪው ሳይሞላ ከዚያ በ2 አምፔር ሲወርድ የመታጠቢያው ጊዜ ደርሷል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሊሆን ይችላል፣ በየወሩም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ይነግርሻል።

የሐያት እናት፦

እሰይ! ዛሬ ጠዋት ታጠበ። የእህቴ ልጅ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ፣ ውሃ አፍስሶ አራሰው፣ ጠርዙን በጥርስ ብሩሽ ፈቀፈቀ። ከሥር የወረደው ውሃ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ከአንዱ ጥግ የወጣው ጭቃ ብቻ እፍኝ ይሞላል። በ6 ሰዓት 13.4 አነበብኩ! ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት። ግድግዳው ላይ ጽፌዋለሁ።

ማታ ግን እስከ 3 ሰዓት ከሩብ ነው የሄደው። ተሻሽሏል፤ እንደ ድሮው አልሆነም። ባትሪውም ተጎድቶ ይሆን?

ቴስተር፦

አንድ ቀን አይበቃውም። ከጥቅምት ጀምሮ ጠግቦ አያውቅም። በጎዶሎ የቆየ የአሲድ ባትሪ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ነጭ ነገር ይይዛል፤ ቶሎ ሙሉ ቻርጅ ካገኘ ከፊሉ ይመለሳል፣ ከቆየ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሦስት አራት ቀን ቴሌቪዥኑን አሳርፉትና ይጥገብ።

ከዚያ ፀሐይ ስትገባ ሁሉንም አጥፍተሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቮልቱን አንብቢ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሞልቷል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ወደ 12 ከወረደ የሚሞላም አይደለም፣ ያኔ ስለ መግዛት እናወራለን።

ዛሬውኑ ግን ክዳኖቹን ከፍተሽ ውሃውን እዪ። ሻማ ወይም ክብሪት ይዘሽ እንዳታዪ! ባትሪ የሚተነፍሰው ጋዝ ይቀጣጠላል። በባትሪ መብራት ወይም በስልክ እዪው። እጅሽ ላይ ጓንት፣ ቀሚስሽም ያረጀ ይሁን።

የሐያት እናት፦

ከስድስቱ ጉድጓዶች ሁለቱ ላይ ሳህኑ ከውሃ ወጥቶ ይታያል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። የቧንቧ ውሃ ልጨምር?

ቴስተር፦

የቧንቧም የጉድጓድም አይሆንም፤ ያ ኖራ ባትሪውን ይገድለዋል። ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ መሸጫ የባትሪ ውሃ ይሸጣል፣ ዲስቲልድ የሚባለው። አሲድ እንዳይሰጡሽ፤ ጠይቀሽ ግዢ። አሁን ሳህኑን እስኪሸፍን ብቻ ጨምሪ። ቻርጅ ሆኖ ሲሞላ ደግሞ ከሳህኑ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እስኪል አሟይው። መጀመሪያ አጥለቅልቀሽ ከሞላሽው ሲሞቅ ይገነፍላል። ከአሁን በኋላ በየወሩ እዪው።

የሐያት እናት (በሳምንቱ)፦

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ውሃውን ጨመርኩ፣ አራት ቀን ቴሌቪዥን ሳንከፍት ቆየን። ትናንት ማታ ያላችሁኝን አደረግኩ፣ 12.6 ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጭቃው እንዳይጋገር ፓነሉን ከፍ ላስደርገው?

ቴስተር፦

አዎ፣ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። ኮምቦልቻ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን፣ ተዳፋቱም 15 ዲግሪ ያህል። ፓነሉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚረዝም የላይኛው ጫፍ ከታችኛው 40 ሳንቲ ያህል ከፍ ይላል፣ በውሃ ልክ ተለክቶ። ከታችም ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ይራቅ። አየር ከሥሩ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ ፓነል በየአንድ ዲግሪ ሙቀት 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ብረቱ ከወራጁ ጋር በብሎን ይታሰር፣ ቆርቆሮው ላይ ብቻ ከተመታ ነፋስ ይወስደዋል። ፍሬሙን ግን አትብሱት፤ ከጀርባው ፋብሪካው የተወለት ቀዳዳ አለ።

የሐያት እናት፦

ብየዳ የሚሠራው ጎረቤታችን እሁድ ይመጣል። ሐያት ትናንት እስከ 4 ሰዓት ተኩል አጠናች፤ መብራቱን ራሷ አጥፍታ ነው የተኛችው።