በጎጃም መኳንንት ቤት ልጃገረድ ለአደባባይ የምትበቃው እንዴት ነበር?

ጠያቂ (ከደብረ ማርቆስ)፦
በጎጃሙ ገዥ በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ስለምትኖር የመኳንንት ልጅ ተውኔት እየጻፍሁ ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ የትልልቅ ሰዎች ልጆች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ቤተ መንግሥት ቀርበው እጅ ይነሡ ነበር፤ ከዚያም የግብዣና የዳንስ ወራት ይከተላል፣ እጮኛም የሚገኘው በዚያው ነው። በእኛስ አገር ልጅቱ ለታላላቆች የምትታይበት ሥርዓት ነበረን?

መልስ 1፦
እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረም። የጨዋ ልጅ ዳዊት እየደገመች፣ ፈትል እየፈተለች በእልፍኝ ታድጋለች፤ ለጥምቀት ወይም ለንግሥ ስትወጣም በበቅሎ ተቀምጣ በደንገጡሮች ተከባ ስለሆነ፣ ጎረምሳው ከሩቅ አይቶ ይቀራል። ጉዳዩን የሚይዙት አባቶች ናቸው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ይቆጠራል፣ ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ የሁለቱም ወገን ትውልድ ይመረመራል። ሎሚ የሚወረወርበት ትዕይንት አስበው ከሆነ ለባላገር ልጆች ቢተዉት ይሻላል።

መልስ 2፦
ከዚያው ከራስ ኃይሉ ቤት ምሳሌ አለልዎት። የዐፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱ የዐፄ ዮሐንስን የልጅ ልጅ ሮማነወርቅ መንገሻን በ1901 ዓ.ም. አግብተው ጋብቻው ሲፈርስ፣ በዓመቱ የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገቡ። መጀመሪያ ትግሬ፣ ቀጥሎ ጎጃም መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የሚታጨው አገሩ ነበር ማለት ይቻላል። ዝምድናውም በቀላሉ የሚበጠስ አልሆነም፤ በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ታስረው ከነበሩበት ከፍቼ ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ተፈረደባቸው፣ የጎጃም ግዛታቸውንም አጡ።

መልስ 3፦
ሁለታችሁም የመጀመሪያውን ጋብቻ ብቻ ነው ያያችሁት። የሰማንያ ጋብቻ፣ ማለት ያለ ቁርባን በውል የሚፈጸመው፣ ሊፈርስ ይችላል፤ የፈታች ወይዘሮ ድርሻዋን ይዛ ስትወጣ በራሷ ርስት የምታድር፣ በግብር ላይ የምትከበር፣ አማላጅ ሲመጣም ራሷ የምትመልስ ሴት ትሆናለች። እቴጌ ጣይቱ እንኳ በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር በቁርባን የተጋቡት ከዚያ በፊት ትዳር አይተው ነው። ስለዚህ ተውኔቱ መተጫጨትን ማሳየት ከፈለገ ልጅቱን በመጀመሪያው ገቢር ይዳሯት፣ በሁለተኛው ያፋቷት፤ ደጅ ጠኚው ወንድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛውን ገቢር እንደ አዲስ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው፤ የፈታችው ወይዘሮ ሽማግሌ ስትቀበል መጋረጃ ይጋረድላት ነበር ወይስ ፊት ለፊት ትነጋገር ነበር?