የልጄን ኢንሱሊን በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ላቆየው?

የሳቢያን እናት (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የ9 ዓመት ሴት ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ገና ዓመት አልሞላም፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ማቀዝቀዣ ስለሌለን መድኃኒቱን የማስቀምጠው ጎረቤቴ ቤት ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ግን መብራት ሲጠፋ ብልቃጡ ሞቆ ይጠብቀኛል። ሰሞኑን ስኳሯ አልወርድ ብሏል፤ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሁን መጠኑ አንሶ መለየት አቃተኝ። ለመምህሯ ልንገር ስል ደግሞ ልጄ «ጓደኞቼ ይርቁኛል» እያለች ታለቅሳለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አባት ከገንደ ቆሬ፦

እኅቴ፣ የእኛም ቤት ማቀዝቀዣ የለውም፤ የምንጠቀመው ሁለት የሸክላ ማሰሮ ነው። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጠን በመካከል ያለውን ክፍተት በአሸዋ እንሞላና አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ እናጠጣዋለን፤ ብልቃጡን ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለን ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ካስገባን በኋላ አፉን በእርጥብ ጨርቅ እንከድነዋለን። ማሰሮው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ። ውኃው በሸክላው ሰርጎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የከተማችን ደረቅ አየር ለዚህ ይስማማል፤ አየሩ በሚወብቅበት ቀን ግን ያን ያህል አያቀዘቅዝም። በረዶ ላይ አስቀምጪው የሚልሽ ቢኖር አትስሚው፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ከእንግዲህ አይጠቅምም።

ነርስ ከሐረር፦

የማሰሮው ምክር ትክክል ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ የተከፈተው ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እስካልበለጠ ድረስ ለ4 ሳምንት ያህል ስለሚያገለግል፣ የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ነጭ የሚመስለው ደግሞ በመዳፍ መካከል ሲያንከባልሉት ፍርፋሪ ከታየበት አይውጓት። ሆኖም ሙቀት ያደከመው ኢንሱሊን መልኩ ሳይለወጥም ኃይሉን ሊያጣ ስለሚችል፣ ብልቃጡን ይዘው ወደምትከታተልበት ክሊኒክ ይሂዱ። መጠኑን በራስዎ እንዳይጨምሩ አደራ እላለሁ፤ በደከመው መድኃኒት ላይ የጨመሩትን መጠን ከአዲሱ ብልቃጥ ቢሰጧት ስኳሯ በድንገት ወርዶ ለአደጋ ትጋለጣለች።

የምትወጋበትንም ቦታ በእጅዎ ይዳስሱ። ልጆች ብዙም ስለማያማቸው አንዱን ቦታ ይመርጣሉ፤ ቦታው እያበጠ ሲሄድ ግን መድኃኒቱ እንደሚገባው ወደ ደም አይገባም።

ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም የፍራፍሬ ሽታ ካመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ድል ጮራ ሆስፒታል ያድርሷት። ጠበል ለሚወስዱም፣ ዱዓ ለሚያስደርጉም ወላጆች ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፤ ጸሎቱ ይቀጥል፣ መርፌው ግን ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። የዓይነት 1 ልጅ ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት ስላቆመ ያለ እርሱ በሕይወት መቆየት አይችልም።

መምህርት ከድሬዳዋ፦

እባክዎ ለመምህሯ ይንገሩ፤ ክፍሉ በሙሉ ማወቅ የለበትም። የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የወረደ ልጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይፈዛል፣ አንዳንዴም ይቆጣል፤ ያልተነገረው መምህር ይህን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ጥፋት ቆጥሮ ልጁን ሊቀጣው ይችላል። እኔ ክፍል ያለ ተማሪ መሳቢያዬ ውስጥ የተቀመጠ ስኳር አለው፤ ምልክቱ ሲታይበት ከ2 እስከ 3 የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጬ እሰጠዋለሁ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው እደግመዋለሁ፣ ሲሻለው ምግብ ይበላል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ሩጫ ስኳርን ስለሚያወርድ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በፊት ትንሽ እንድትቀምስ፣ ሽንት ቤት ስትጠይቅም እንዳትከለከል ከመምህሯ ጋር አብረው ይስማሙ። ልጅዎም በንግግሩ ላይ ብትገኝና ለየትኛው ጓደኛዋ እንደሚነገር ራሷ ብትመርጥ ፍርሃቷ የሚቀንስ ይመስለኛል።