ተጠቃሚውን በኤፒአይ ሰርዤዋለሁ፤ እርሱ ግን አሁንም ሰርቨሩ ውስጥ አለ

ሌሊት ተረኛ፦ አስቸኳይ እርዳታ እፈልጋለሁ። ዛሬ ከሥራ የተሰናበተ ባልደረባችን የሰርቨር መግቢያ ፈቃዱ እንዲነሣ ስለተነገረኝ፣ የሰርቨሮቹን ዝርዝር ከማስተዳደሪያው ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ትዕዛዝ ከሚልኩበት መገናኛ) ወስዶ ለእያንዳንዱ የዲሊት («ሰርዝ» የሚል) ጥያቄ የሚልክ ስክሪፕት አስኬድኩ። ሁሉም 204 («ተፈጽሟል» የሚል ኮድ) መለሱ። ሆኖም አንዱ ሰርቨር ላይ ገብቼ ማን እንዳለ ስመለከት ሰውዬው ከነተርሚናሉ ተቀምጧል፤ ትዕዛዝም እየጻፈ ነው። ስክሪፕቱን ስደግመው ደግሞ ሁሉም 404 («አልተገኘም») አሉ። ኤፒአዩ እየዋሸኝ ነው ወይስ የዘለልኩት ነገር አለ?

ፈጣኑ፦ ሙሉ የአስተዳዳሪ መብት ባለው ቶክን (ለኤፒአዩ ማንነትን በሚያሳይ የምስጢር ኮድ) ጥያቄውን እንደገና ላከው። እኔ ዘንድ የሠራው ይህ ነው።

ነባር ሰው፦ ወንድሜ፣ ይህ ጉዳይ መታሰብ የነበረበት ሰውዬው በተሰናበተበት ቀን ሳይሆን በተቀጠረበት ቀን ነበር። የትኛው የሰርቨር መግቢያ ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፈንታ የሚያስገባ ዲጂታል ፋይል) የማን እንደሆነ፣ የት የት እንደተቀመጠና ማን እንደፈቀደው የሚናገር መዝገብ በሌለበት ኤፒአይ የሚሰርዘው ራሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ በእጅ የተጨመረውን፣ ከአሮጌ ሰርቨር ጋር ተገልብጦ የመጣውን፣ «ለአንድ ቀን ብቻ» ተብሎ የተሰጠውን አያውቀውም። በቋሚ ቁልፍ ፈንታ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚያገለግሉ የተፈረሙ ሰርተፊኬቶችን ብትጠቀሙ ኖሮ ዛሬ አትጨነቅም ነበር።

ዘበኛው፦ ኤፒአዩ «አልተገኘም» ይላል፤ ሰውዬው ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ቢያንስ አንዳቸውን ማመን ይኖርብሃል።

ቁልፈኛው፦ ጥያቄው ራሱ የተነሣበት ግምት ትክክል አይመስለኝም፤ ኤፒአዩ አልዋሸዎትም። 204 ማለት ጥያቄው ተፈጽሟል፣ የምመልሰው ይዘት ግን የለኝም ማለት ሲሆን፣ የተሰረዘን ነገር ዳግም ለመሰረዝ ሲሞክሩ 404 ማግኘትዎም የሚጠበቅ ነው። ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበት ሥርዓት) ቁልፍን የሚመረምረው በመግቢያው ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ቁልፉ ከተፈቀዱት ቁልፎች ፋይል ቢጠፋም ቀድሞ የተከፈተው ግንኙነት እስኪቋረጥ ድረስ ይቀጥላል። ነባር ሰው ያነሡት ሰርተፊኬትም ጊዜው ቢያልፍ የተከፈተን ግንኙነት አይዘጋም። ይባስ ብሎ፣ ሰውዬው በኮምፒውተሩ ላይ ግንኙነት የመጋራት አማራጭን ከፍቶ ከሆነ፣ በዚያው በቆየው ግንኙነት ላይ ያለ አዲስ ምርመራ ሌላ ተርሚናል መክፈት ይችላል።

ሌሊት ተረኛ፦ አመሰግናለሁ። ቁልፉ ከፋይሉ መጥፋቱን አይቻለሁ፤ የይለፍ ቃሉንም ቆልፌያለሁ።

ፈጣኑ፦ በአስተዳዳሪ ቶክን ሞከርከው?

ተርሚናል፦ የይለፍ ቃል መቆለፍ ብዙ ጊዜ በቁልፍ የሚገባን ሰው አያግደውም። የአካውንቱን የማብቂያ ቀን ወዳለፈ ቀን ይመልሱት፤ ሰውዬውን የሚያስወጡት ከዚያ በኋላ፣ በስሙ የሚሄዱትን ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) በሙሉ በመግደል ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ፤ በሩ ሳይዘጋ ቢያስወጡት ተመልሶ ይገባል። በስሙ በጊዜ ሰሌዳ የተያዙ ሥራዎች ካሉም ያጥፏቸው። እኔ በአንድ ወቅት ይህን ዘልዬ፣ የተሰረዘ ሰው ስክሪፕት በየሌሊቱ ለሳምንታት ሲሄድ ኖሯል።

ሌሊት ተረኛ፦ በዚሁ ቅደም ተከተል ሠርቼ ወጣ። ነገር ግን ከአራት ደቂቃ በኋላ ከዚያው የአይፒ አድራሻ አንድ ሰው «ዲፕሎይ» በሚለው የጋራ አካውንት ገባ። ይህን አካውንት አምስት ሰዎችና አንድ አውቶማቲክ ሥራ ይጠቀሙበታል፤ ብዘጋው ሁሉም ይቆማል።

ዘበኛው፦ ሰውዬው ከቢሮው ተሰናበተ እንጂ ከሥራው አልተሰናበተም።

ቁልፈኛው፦ አካውንቱን መዝጋት አያስፈልግዎትም። በመግቢያ መዝገቡ ውስጥ «ተቀባይነት ያገኘ ቁልፍ» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ የቁልፉ አሻራ (ቁልፉን የሚለይ አጭር ኮድ) ተጽፏል። በጋራ አካውንቱ ፋይል ውስጥ ያሉትን ቁልፎች አሻራ አውጥተው ከዚያ ጋር ያመሳክሩና የገጠመውን መስመር ብቻ ይሰርዙ፤ ያንንም ግንኙነት ለይተው ያቋርጡ። የሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው የሰርቨሩ አካውንት) ፋይልንም በዚሁ መንገድ ይመልከቱ።

ጥግ ላይ ያለሁ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰርቨሮቻችሁ ስንት ናቸው? ስክሪፕቱስ ስንት ጥያቄ ላከ?

ሌሊት ተረኛ፦ 63 ናቸው። ስክሪፕቱ የጻፈው... 50 ይላል።

ጥግ ላይ ያለሁ፦ እንግዲያው ኤፒአዩ ዝርዝሩን በገጽ እየከፈለ ይሰጥዎታል፤ ስክሪፕቱ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦ ቆሟል። በቀሩት 13 ሰርቨሮች ላይ የሰውዬው ቁልፍ እንዳለ ነው። በመልሱ ውስጥ ወደሚቀጥለው ገጽ የሚያመለክተውን መስክ እየተከተሉ፣ ባዶ እስኪሆን ድረስ ይጠይቁ። ደግሞም፣ ሰውዬው የራሱ የኤፒአይ ቶክን ነበረው? ካልተሰረዘ እርስዎ ያነሡትን ፈቃድ በአንድ ጥያቄ ሊመልሰው ይችላል።

ነባር ሰው፦ ይህንን ነው መዝገብ ያልኩት።

ፈጣኑ፦ ለ13ቱም በአስተዳዳሪ ቶክን ላክ።

ጥግ ላይ ያለሁ፦ ሌሊት ተረኛ፣ የቶክኑን ጉዳይ አዩት?