አዳማ ላይ የግቢ መኪና መግቢያ ያሠራችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ከውጭ በር እስከ በረንዳው ያለው መግቢያዬ አፈር ነው። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ በድምሩ 48 ካሬ። በበጋ ነፋሱ አቧራውን ሳሎን ድረስ ያስገባዋል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጎርፉ ወደ እኛ ይወርዳል። ባለፈው ሐምሌ እናቴን ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል።

ሁለት ባለሙያ አነጋገርኩ። አንዱ ኮንክሪት ይሁን ይላል፣ ሌላው ኮብልስቶን። የጠሩልኝ ዋጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የአንዱ የእጅ ብቻ ነው፣ የሌላው ከነማቴሪያሉ። ታዲያ እንዴት ላወዳድር?

የኮንክሪቱን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ከሆነ 4.8 ሜትር ኩብ ነው። ለአንድ ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ብንይዝ 17 ኩንታል ግድም ይሆናል። ባለሙያው ግን 30 አለኝ! ብክነት አለ ቢባል እንኳ ይህን ያህል አይሆንም። ቁፋሮውን፣ ገረጋንቲውንና መጠቅጠቁን ደግሞ ማንም በዋጋው ውስጥ አላነሳልኝም። ከሥሩ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ላዩ ይሰነጠቃል። የጎረቤቴ በዓመቱ ነው የተሰነጠቀው።

በቅርብ ያሠራችሁ ካላችሁ በካሬ ስንት እንደወጣባችሁ ንገሩኝ። የሚገባው አንድ የቤት መኪና ብቻ ነው። 10 ሳንቲ ይበቃል ወይስ ብረት ይግባበት? ውሃው ግቢ ውስጥ እንዳይተኛስ ተዳፋቱን እንዴት አደረጋችሁት? ሰኔ ሳይገባ መጨረስ አለብኝ።