22 ሰው ይዘን አርባ ምንጭ፣ ዶርዜና ኮንሶ፦ ዕቅዳችንን እዩልን

ጉዞኛ፦
ሰላም ለቤቱ። የመሥሪያ ቤት ማኅበር ነን፤ 22 ሰው፣ አራቱ አዛውንት፣ ሦስቱ ሕፃናት። አንድ ኮስተር ተከራይተን ዓርብ ንጋት ከአዲስ አበባ እንወጣለን። ቅዳሜ ጠዋት ዶርዜ፣ ከሰዓት ጫሞ ላይ ጀልባ፣ እሑድ ኮንሶ ደርሶ መልስ፣ ሰኞ ወደ ቤት። የዶርዜን ጨዋታ በደንብ ማየት እንፈልጋለን። የቱ ጋ ተሳስተናል?

ጫሞ_ዳር፦
ቅዳሜን ገልብጡት። ጫሞ የጠዋት ነው። ከሰዓት ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታል፤ አዛውንትና ሕፃን ይዞ አይሆንም። አዞዎቹም ፀሐይ ሊሞቁ ዳር የሚወጡት ጠዋት ነው፤ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው ላይ ሁኑ። 22 ሰው በአንድ ጀልባ አይጫንም፣ ሦስት ያዙ። ላይፍ ጃኬቱን ሳትሳፈሩ ቁጠሩ፤ የሕፃን ልክ መኖሩን ደግሞ ከዋዜማው ጠይቁ። ጉማሬ ሲያይ «ጠጋ በልልን» የሚል ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም፤ ቀድማችሁ ምከሩት፣ ጀልባ የሚገለብጠው ጉማሬ ነው። ማታ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ አገሩ ወባማ ነው።

ሸማ፦
ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ቀን ስለሆነ ተመችቷችኋል። ምሳ በጊዜ በልታችሁ መጀመሪያ ጨንቻ ውጡ፣ ዶርዜን ስትመለሱ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጨንቻ 2,700። ይህ ሁሉ ከፍታ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ነው የሚወጣው። ሹፌሩ በወጣበት ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ረግጦ ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። ሳይመሽና ጉሙ ሳይወርድ ቁልቁለቱን ጨርሱ። ጋቢ አትርሱ።

ጨዋታው ላይ ብዙ ቡድን የሚከስረው ሳይነጋገር ስለሚገባ ነው። የዶርዜ ዘፈን ድምፅ በድምፅ ላይ የሚደራረብበት ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው በራሱ ዜማ ይገባበታል። አራት አምስት ልጆች ለፎቶ ሲዘሉ ያ አይሰማም። በአስጎብኚው በኩል ስንት ሰው እንደሚዘፍን፣ ለስንት ሰዓት፣ ፎቶ ከዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ቀድማችሁ ቁረጡ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲኖሩበትም ጠይቁ።

ቤቱን ስታዩ ቁመቱን ልብ በሉ። የቀርከሃውን እግር ምስጥ ሲበላው ከሥር ይቆረጣል፣ ስለዚህ አጭሩ ቤት አሮጌው ነው። ሽመናው የወንዶች፣ ፈትሉ የሴቶች ነው፤ እንዝርቱን ለመሞከር ፍቀዱልን በሉ፣ ክሩ ቶሎ ቶሎ ሲበጠስባችሁ የእጁን ሙያ ትረዳላችሁ። ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀርባል። ለሆድ አዲስ ከሆነ በትንሹ ይጀመር፣ ዳጣውን ለሕፃናት አታቅምሱ።

ካራት፦
ኮንሶን እሑድ ካደረጋችሁት ገበያው ያመልጣችኋል፤ ሰኞና ሐሙስ ነው። ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ይቻላል። የኮንሶ ከተማ ካራት ላይ ከፍላችሁ አስጎብኚ ያዙ፣ ከዚያ ጋሞሌ መንደር። የመንደሩ መተላለፊያ በድንጋይ ካብ መካከል ሰው በሰው ተከትሎ የሚያልፍበት ነው፤ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ አዛውንቱ የጎረምሶች ማደሪያ በሆነው ሞራ ጥላ ሥር ቢቆዩ ይሻላል፤ ትውልድ ሲፈራረቅ የሚተከለው የትውልድ ምሰሶውም ከዚያው ይታያል። በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እርከኑም መንደሩም አንድ ላይ ነው፤ የእርከኑን ካብ አትርገጡ፣ አንድ ድንጋይ ከወለቀ ዝናቡ ቀሪውን ይዞት ይሄዳል።

ጉዞኛ፦
ማክሰኞን ፈቃድ ወስደን ኮንሶን ወደ ሰኞ አዞርነው። እሑድስ? ነጭ ሣር ፓርክ ሜዳው ድረስ እንግባ?

ጫሞ_ዳር፦
በኮስተር አይሆንም፣ መንገዱ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ይፈልጋል። አርባዎቹ ምንጮች ያሉበት ጫካ ይበቃችኋል፤ ጥላ ነው፣ አዛውንቱም ይችሉታል። ምግብ ግን ይዛችሁ አትግቡ፣ ጦጣና ዝንጀሮው ከእጃችሁ ነው የሚወስደው።