ኮልየስ ቀለሙ ለምን ይጠፋል?

የበረንዳ አትክልት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፤ በረንዳዬ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ሁለት ኮልየስ (በቅጠሉ ቀለም የሚወደድ አትክልት) አለኝ። በረንዳው ላይ ያለው ቢጫ ገርጥቶ ጠርዙ እየደረቀ ነው። ሳሎን ጥግ ያስገባሁት ጥቁር ቀይ ደግሞ ወደ አረንጓዴ እየተለወጠ ግንዱ ተመዘዘ። ሁለቱም ከታች ቅጠል ያረግፋሉ። በየቀኑ አጠጣለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዩሪያ በውሃ በጥብጬ እሰጣለሁ። ምኑ ላይ ነው ስህተቴ?

ችግኝ ወዳድ፦
ሁለቱን የጎዳቸው ተቃራኒ ነገር ነው። ቢጫውን የለበለበው የከሰዓት ፀሐይ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የ8 ሰዓት ፀሐይ አይቀለድበትም፣ ፈዛዛ ቀለም ያላቸው ደግሞ ከጥቁር ቀዮቹ ቀድመው ይቃጠላሉ። ቀዩ ብርሃን አጥቷል። ብርሃን ሲያንሰው ቀዩን ቀለም ማምረት ይቀንሳል፣ አረንጓዴው ይጎላል፣ ግንዱም ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል።

ለሁለቱም የሚስማማው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ፀሐይ፣ ከዚያ በኋላ ብርሃን ያለው ጥላ ነው። ያለዎት ምዕራብ ብቻ ከሆነ ስስ ነጭ ጨርቅ ይወጥሩለት። ቀዩን ከሳሎን በአንድ ጊዜ አያውጡት፤ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ያለማምዱት።

ዩሪያውን ይተዉት። ያለው ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ሲበዛ ቅጠሉን አረንጓዴ፣ ግንዱን ልፍስፍስ ያደርገዋል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት በየሁለት ወሩ አንድ እፍኝ ይበቃዋል።

ቀንጥብ፦
የተመዘዘው ግንድ ባዶ ቦታው ላይ መልሶ አይሞላም፤ ከታች 2 ወይም 3 አንጓ (ቅጠል ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ) ትተው ይቁረጡት። ከየአንጓው ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። የተቆረጠውን አይጣሉ! ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ. አድርገው፣ ልክ ከአንጓ ሥር ቆርጠው፣ የታች ቅጠሎቹን አንስተው ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ውሃ ውስጥ የቀረ ቅጠል ይበሰብስና ግንዱንም ያበላሸዋል። ውሃውን በየ2 ቀኑ ይቀይሩ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ሥሩ 3 ሳ.ሜ. ሲሆን ይትከሉት፤ ውሃ ውስጥ በጣም የረዘመ ሥር ሲተከል ይሰበራል።

ችግኙ 15 ሳ.ሜ. ሲደርስ ጫፉን ይቀንጥቡ። የአበባ ዘንግም ብቅ እንዳለ ያንሱት፤ ዘር ካፈራ ቅጠሉ ይደክማል። ከዘር ማብቀልም ይቻላል፣ ግን እናቱን አይመስልም። ቀለሙን ሳይቀይር የሚያባዛው ቁራጭ ብቻ ነው።

ጥቁር አፈር፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ የቅጠሉን መርገፍ ግን ማንም አላነሳውም። በየቀኑ ማጠጣቱ ነው። ጣትዎን 2 ሳ.ሜ. ያህል አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ሲሆን ብቻ ከታች ቀዳዳው እስኪፈስ ያጠጡ። ቀትር ላይ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ያነሰው ውሃ ሳይሆን ጥላ ነው። የግንዱ ግርጌ ጠቁሮ ከለሰለሰ ሥሩ በስብሷል፤ ጤናማውን ጫፍ ቆርጦ እንደ አዲስ መጀመር ይሻላል።

የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ያደባልቁ። የተቆረጠ ጀሪካንም ይሆናል፣ ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ ይብሱለት እንጂ።

ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጥግ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካዩ ተባይ ነው፤ በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉት፣ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት።

(የወላይታ ድንችም የኮልየስ ዘመድ ነው፤ እሱን የምንፈልገው ግን ለቅጠሉ አይደለም።)

የበረንዳ አትክልት፦
አመሰግናለሁ። አሁን ኅዳር ላይ ልቁረጠው ወይስ ልቆይ?

ቀንጥብ፦
ቁራጩን ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ከሆነ ይቁረጡ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ውጭ ያለው እድገቱን ያቆማል፣ ውርጭ ካገኘው ደግሞ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። እናቱን ማታ ማታ ወደ ውስጥ ያስገቧት፤ የካቲት ላይ ትወጣለች።