ግራ ጎናቸውን ለሚዘነጉት አባቴ ምን ዓይነት ልምምድ ይረዳል?

የ68 ዓመቱ አባቴ በቀኙ የአንጎላቸው ክፍል ስትሮክ ከደረሰባቸው ወዲህ፣ የዕይታ ስፋታቸው ተመርምሮ ጤናማ ሆኖ ቢገኝም፣ በግራቸው ያለውን ሁሉ እንደሌለ ይቆጥሩታል፤ የእንጀራውን የቀኝ ግማሽ ብቻ በልተው «ጨረስኩ» ይላሉ። ዳዊት ሲያነቡ የየመስመሩን መጀመሪያ ይዘሉ ስለነበር፣ በፊዚዮቴራፒስቷ ምክር በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጥብጣብ አድርጌ፣ እሱን በዓይናቸው ሳያገኙ ማንበብ እንዳይጀምሩ አለማመድኳቸው፤ ንባቡ በእጅጉ ተሻሽሏል። ከመጽሐፉ ውጭ ግን ልምዱ አይከተላቸውም፤ «ወደ ግራ ይመልከቱ» ስላቸው ወዲያው ያያሉ፣ ዝም ካልኩ ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር ይጋጫል። ትሪውን ማዞሩም (ቤተሰቡ የሚመርጠው ይህን ነው) ያበላቸዋል እንጂ አያስተምራቸውም። በንባብ ያገኙትን ግራን የመፈለግ ልምድ፣ ያለ አስታዋሽ በማዕድና በእርምጃ ጊዜም እንዲጠቀሙበት የሚያደርገው በቤት የሚሠራ ልምምድ የትኛው ነው?